ስምንት ምት ዝምታ

ጡረታ በወጣሁ ማግስት ጠዋት ቦንጋ ላይ ከባድ ዝናብ ጣለ። የቆርቆሮውን ድምፅ ሰምቼ ከአልጋዬ ዘልዬ ሱሪዬን መታጠቅ ጀመርኩ። ባለቤቴ ከብርድ ልብሱ ውስጥ ሆና፣ «የት ልትሄድ ነው? ስብሰባው እኮ ካሁን በኋላ ያንተ አይደለም» አለችኝ። ሱሪዬን በእጄ እንደያዝኩ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ጠላቴ የነበረውን ድምፅ ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ሥራ አዳመጥኩት። ሲጀምር ጠጠር ጠጠር ይላል፤ ከዚያ ይደባለቅና አንድ ወጥ ይሆናል፤ ሊያባራ ሲል ደግሞ ጠብታዎቹ እንደገና አንድ በአንድ ይለያያሉ። ይህን ሁሉ ዘመን በቆርቆሮ ሥር ስሠራ ኖሬ እንዴት ይህን አላወቅኩም ብዬ ገረመኝ።

ሥራዬ ድምፅ ነበር። በደመወዝ መክፈያው ላይ «የኦዲዮ ቪዥዋል ቴክኒሺያን» ይላል፤ የከተማው ሰው ግን «የማይክ ሰውዬ» ነው የሚለኝ። የዞኑ መሥሪያ ቤቶች ሲሰበሰቡ ማይክ የምተክለው፣ በዓል ሲሆን ሞንታርቦ የምሸከመው፣ ሚክሰሩ ኋላ ተቀምጬ የሁሉንም ድምፅ ከፍና ዝቅ የማደርገው እኔ ነበርኩ። ከዚያ በፊት፣ መንግሥት በተለወጠ ሰሞን፣ ገበያው ዳር ሬዲዮ ጠጋኝ ነበርኩ። እዚህ ላይ አንድ ኃጢአት ልናዘዝ፦ የሰው ሬዲዮ ሠርቼ ከጨረስኩ በኋላ አንድ ቀን አስተርፌ አዳምጥበት ነበር። ባለቤቱ ሲመጣ «ገና ነው፣ ነገ ይምጡ» እለዋለሁ። አንዱ ሬዲዮ የአንዱን ዘፋኝ ድምፅ ለምን እንደሚያሳምር፣ ሌላው ለምን እንደሚያፍነው ለማወቅ አንጀቴ ይቃጠል ነበር።

በሥራ ዘመኔ ብዙ ኃላፊዎች ተፈራርቀውብኛል። የመጀመሪያው ድምፃቸው እስከ ገበያው ካልተሰማ የተናገሩ አይመስላቸውም። ሁለተኛው ማይክ ሲጠጋቸው ያፍሩ ስለነበር እሳቸው ወደ ኋላ፣ እኔ ማይኩን ወደ ፊት፣ እየተሳደድን መድረኩን እንጨርሰው ነበር። ሦስተኛው ደግሞ በየመሀሉ «ይሰማል?» ይላሉ፤ «ይሰማል» ካላልናቸው አይቀጥሉም። ጠባያቸው ለየቅል ቢሆንም በአንድ ነገር ይስማማሉ፦ ማይክ ዝም ካለ ጥፋቱ የኔ ነው። ተናጋሪው ወረቀት ሲያገላብጥ ዝም ቢል፣ ቢያስነጥሰው፣ ሐሳብ ቢጠፋው እንኳ ፊተኛው ረድፍ በሙሉ አንገቱን አዙሮ ያየኛል። ያን አስተያየት የማያውቅ ሰው ዕድለኛ ነው።

ስለዚህ አንድ ልማድ አበጀሁ። ተለዋጭ ማይክ ሁልጊዜ ብብቴ ሥር ይዤ እቀመጣለሁ። አንድ ጊዜ በትልቅ ጉባኤ ላይ የእንግዳው ማይክ ቢሞት እንደ ጥይት ተስፈንጥሬ ሄጄ፣ ሰውየው አፋቸውን ሳይዘጉ ሌላውን አቀበልኳቸው። የምስጋና ደብዳቤ ተጻፈልኝ። ደብዳቤውን በመስታወት አሠርቼ ሳሎን ሰቀልኩት፤ አሁንም እዚያው አለ። እንዳልረሳ ብዬ ነው ያላወረድኩት፤ ምኑን እንደሆነ ኋላ ትረዱታላችሁ።

እውነተኛውን ሥራ ያስተማሩኝ ኃላፊዎቹ ሳይሆኑ ጋሽ ተሰማ ናቸው። በቀድሞው ጦር የሙዚቀኞች ክፍል ውስጥ ቤዝ ጊታር ይጫወቱ ነበር። ሠራዊቱ ሲበተን አንድ ሻንጣና ቤዝ ጊታራቸውን ይዘው ወደ ትውልድ ከተማቸው ወደ ቦንጋ ተመለሱና የዞኑ ኪነት ቡድን አሠልጣኝ ሆኑ። ቀጭን፣ ረዥም፣ ሸሚዛቸውን እስከ መጨረሻው ቁልፍ የሚቆልፉ ሰው ነበሩ። ወታደርነታቸው በጫማቸው ያስታውቃል፤ በቦንጋ ጭቃ ጫማው እንዴት እንደሚያበራ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

መጀመሪያ አብሬያቸው የሠራሁት ሺሺንዳ ለገበያ ቀን ዝግጅት የሄድን ጊዜ ነው። እኔ እንደ ልማዴ ቀጥታ ወደ ሚክሰሩ ሄጄ ቁልፍ ማዞር ጀመርኩ። ጋሽ ተሰማ ወደ አዳራሹ መጨረሻ ሄዱና አንድ ጊዜ ብቻ አጨበጨቡ። ጭብጨባው እስኪጠፋ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆሙ። ከዚያ ወደ ግራው ጥግ ሄደው እንደገና አንድ ጊዜ አጨበጨቡ።

«ምን እያደረጉ ነው ጋሼ?» አልኳቸው።

«ከቤቱ ጋር እየተዋወቅሁ። አንተ ሰው ቤት ስትገባ እንደምን ዋልክ አትልም?»

ገመድ ሲጠቀልሉ ክርናቸው ላይ አይጠመጥሙም፤ መዳፋቸው ላይ አንዱን ዙር በላይ፣ ቀጣዩን በታች እያደረጉ ያስተኙታል። «ክርን ላይ የተጠመጠመ ገመድ ውስጡ ይሰበራል፤ የሚሞተው ግን ትልቅ ሰው ሲናገር ነው» ይሉኝ ነበር። ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ ግን ይህ ነው፦ ዘፋኝ ሲጀምር እጄን ከሚክሰሩ ላይ ያስነሱኛል። «ጉልበትህ ላይ አድርግ። መጀመሪያ ጆሮ ይሥራ፤ እጅ ይደርሳል።» ኤኮ አብዝቼ ድምፅ ማሳመር እወድ ነበርና ያን እጄን ጉልበቴ ላይ ማስቀመጥ እንደ ጾም ከበደኝ። ስለምድ ግን ሌላ ዓለም ተከፈተልኝ። አንዷ ዘፋኝ ቃል ከማውጣቷ በፊት ትንፋሿን እንደምትስብ፣ ማሲንቆ መቺው ዝናብ ሲሆን ክሩን እንደሚያላላ፣ ቆርቆሮ ሲሞቅ ራሱ ጠቅ ጠቅ እንደሚል መስማት ጀመርኩ። ከስብሰባ ስመለስ ግን የስብሰባው እጄ ይመለስብኛል። ሁለት ዓይነት እጅ ነበረኝ ማለት ይቻላል።

ነገሩ የሆነው ከሚሊኒየሙ በዓል ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ከአዲስ አበባ አንድ የሙዚቃ ማኅበር ደብዳቤ ጻፈ። በየዞኑ እየዞረ የጃዝ ድምፃውያንን ያወዳድራል፤ አንጋፋ ሙዚቀኞችም አብረው መጥተው ተወዳዳሪዎቹን ያጅባሉ፣ በመጨረሻም ራሳቸው ይጫወታሉ። ያሸነፈ ሰው አዲስ አበባ ሄዶ አንድ ወቅት ሙሉ ከአንጋፋዎቹ ጋር ይዘፍናል። ደብዳቤው በምሠራበት የዞኑ መምሪያ ስብሰባ ላይ ሲነበብ ኃላፊያችን መነጽራቸውን አወለቁና፣ «ይቅርታ፣ ይሄ ጃዝ የየትኛው ብሔረሰብ ጨዋታ ነው?» አሉ።

«የአሜሪካ ነው» አለ አንዱ ባለሙያ።

«እሺ፣ እነሱም በእኩልነት ይስተናገዱ» ብለው ፈረሙበት።

እኔ ግን እውነቱን ለመናገር ከኃላፊው የተሻለ አላውቅም ነበር። በሬዲዮ ሰምቼዋለሁ፤ ምን እንደሆነ ንገረን ብባል ግን አፌን ይዘጋኛል። ስለዚህ አንጋፋዎቹ ሐሙስ ዕለት ሲደርሱ ሥራዬን ትቼ እነሱን መከተል ያዝኩ። ሦስት ሽማግሌዎች ናቸው፦ ከበሮ መቺ፣ ትራምፔት ነፊና ፒያኖ ተጫዋች። ሁለቱ ከጋሽ ተሰማ ጋር በጦሩ ውስጥ አብረው የነበሩ ናቸው። ከሚኒባሱ ሲወርዱ ከጋሽ ተሰማ ጋር ተቃቀፉ፤ ከዚያ ከበሮ መቺው ፈቀቅ አለና፣ «አሁንም ትቸኩላለህ?» አላቸው። ጋሽ ተሰማ ሲስቁ ያየሁት ያኔ ነው። ለውድድሩ ቤዙን እሳቸው እንዲይዙ ተስማምተው ነበር።

ከበሮ መቺውን እቃ ሲያወርድ ጠብቄ፣ «ጃዝ ማለት ምንድን ነው?» አልኩት።

«እኔ እንጃ» አለኝ። «አርባ ዓመት ስጫወተው ተጠይቄ አላውቅም።»

ትራምፔት ነፊውን ጠየቅኩ። «የምታውቀው ሰው በማታውቀው መንገድ ሲመጣብህ ነው» አለኝ። ይህ ደስ አለኝ፤ ግን አልገባኝም። ጋሽ ተሰማን ስጠይቃቸው ቤዛቸውን እየቃኙ፣ «ነገ በልምምዱ ተቀምጠህ ስማ» አሉኝ።

በዚያው ሐሙስ ተወዳዳሪዎቹ ሲመዘገቡ ማርታን ተዋወቅኋት። ሺሺንዳ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበረች፤ ትውልዷ ማንኪራ ነው። ጫማዋን ከበሩ ውጪ በሣር ጠርጋ ገባችና ከመመዝገቧ በፊት ወደኔ መጣች።

«ጋሼ፣ ማይኩ ከስንት ስንዝር ነው የሚሰማኝ?»

በዚያ ሁሉ ዓመት አንድም ተናጋሪ፣ አንድም ዘፋኝ ይህን ጠይቆኝ አያውቅም። ደስ ብሎኝ አሳየኋት። አንድ ስንዝር ሲሆን ትንፋሽሽም ይሰማል፤ ሁለት ሲሆን ድምፅሽ ብቻ፤ ከዚያ ወዲያ ግን ቤቱ ነው የሚሰማው አልኳት። በእጇ እየለካች ወደ ፊት ወደ ኋላ እያለች ሞከረችው። ጋሽ ተሰማ ከሩቅ ያዩ ነበር። ኋላ ላይ፣ «ያቺ ልጅ ለዚህ ውድድር ስትል ከቤተ ክርስቲያኗ ኳየር ወጥታለች። ዓለማዊ ዘፈን ከዘፈንሽ አትዘምሪም ብለዋታል። ቀላል ነገር እንዳይመስልህ» አሉኝ።

ዓርብ የልምምዱ ቀን ነበር። እኔ ግን በሌላው አዳራሽ ስብሰባ ታዘዝኩ። ምን ስብሰባ እንደነበር እንኳ አሁን አላስታውስም፤ ይህ ራሱ ያናድደኛል። በምሳ ሰዓት ጋሽ ተሰማ በዝናብ መጥተው በር ላይ ጠሩኝ። «ነገ ሰባተኛዋ ተወዳዳሪ ማርታ ናት። እሷ ጋ ስትደርስ እጅህን ጉልበትህ ላይ አድርግ። መሀል ላይ የሚሆን ነገር አለ...» ማለት ሲጀምሩ ከውስጥ አንዱ «ማይክ! ማይክ!» ብሎ ተጣራ። «እሺ ጋሼ፣ እሺ፣ እሺ» እያልኩ ተመልሼ ገባሁ። የጆሮ ባለሙያ ነኝ እያልኩ የምኮራ ሰው፣ የሚነግሩኝን ሳልሰማ ሄድኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ጢም አለ። ዝናቡ ልክ ስንጀምር አባራ። ከአዲስ አበባ ያን ጠዋት የመጡ ሦስት ዳኞች በጎን ተቀመጡ። ሰብሳቢያቸው አቶ ወንድሙ የሚባሉ ጠና ያሉ ሰው ደንቡን አነበቡ። ተወዳዳሪ ዘፈኑን ካቋረጠ ነጥብ ይቀነስበታል፤ የመሣሪያ ብልሽት ከነበረ ግን እንደገና ይዘፍናል። አድልዎ እንዳይባል ደግሞ አጃቢዎቹ ሙዚቀኞች ስለ ተወዳዳሪ ለዳኞች አንዲት ቃል እንዳይተነፍሱ። መምሪያው ያን ሰሞን አዲስ ሚክሰርና ማይኮች አስገዝቶ በስሜ ወጪ አድርጓል። ሰኞ ደግሞ ግምገማ አለ። ኃላፊያችን ከመጀመሩ በፊት ጠጋ ብለው፣ «አቶ አድማሱ፣ እንግዶች ናቸው፣ እንዳያዋርዱን» ብለውኝ ፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጡ።

ስድስቱ አለፉ። አንዳንዱ የሚታወቀውን የአማርኛ ዘፈን ነው የዘፈነው፤ ሽማግሌዎቹ ግን ከሥሩ አዲስ መንገድ ይቀዱለታል። ትራምፔት ነፊው ያለኝ ይገባኝ ጀመር። የማውቀው ሰው በማላውቀው መንገድ መጣብኝ።

ሰባተኛዋ ማርታ ወጣች። በካፋ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ ጀመረች። ዝቅ ባለ ድምፅ ነበር፤ ማይኩን ከአንድ ስንዝር ይዛ። ከበሮ መቺው ዱላውን ትቶ በብሩሽ ቆዳውን ይጠርጋል። ድምፁ እየሰፋ መጣ። እሷም እየራቀች፣ አንድ ስንዝር፣ ሁለት፣ ከዚያ ማይኩን ወደ ጎን ወስዳ አንገቷን ቀና አድርጋ አንድ ረዥም ጥሪ ጠራች። የአዳራሹ ሰው ሁሉ ቀጥ አለ። ጥሪው እንዳለቀ ቤዙም፣ ከበሮውም፣ ፒያኖውም፣ ትራምፔቱም በአንድ ጊዜ ቆሙ።

ጸጥ አለ።

መብራት የጠፋ መስሎኝ ሚክሰሩን አየሁ፤ ቀዩ መብራት በርቷል። አንድ ምት አለፈ፣ ሁለት፣ ሦስት። ፊተኛው ረድፍ አንገቱን ወደኔ አዞረ። ያ የማውቀው አስተያየት። ኃላፊያችን እጃቸውን ከፍ አድርገው «ምንድን ነው?» በሚል አወዛወዙት። እጄ ከጉልበቴ ላይ መቼ እንደተነሣ አላውቅም። የማርታን ድምፅ ወደ ላይ ገፋሁት፤ ስፒከሩ ሲጢጥ ብሎ ጮኸ። ደነገጥኩ። ብብቴ ሥር ያለውን ማይክ ይዤ በመተላለፊያው ሮጥኩ፣ መድረኩ ላይ ዘለልኩ፣ ማይኩን እጇ ውስጥ ከተትኩት።

ሰው ጠርታ ፍየል እንደመጣባት ነው ያየችኝ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ጋሽ ተሰማ በእግራቸው ይቆጥሩ ኖሮ ስምንት ሲሞላ ሙዚቃው እንደገና ተነሣ፤ እሷ ግን በሁለት እጇ ሁለት ማይክ እንደያዘች መግቢያው አለፋት። ለመያዝ ሞከረች። ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ። ሦስት ስንኝ ዘፍና ሁለቱንም ማይኮች ወለሉ ላይ በቀስታ አስቀምጣ ወረደች።

ዕረፍት ሲሆን አቶ ወንድሙ አስጠሩኝ። ኃላፊያችን ከጎኔ መጥተው ቆሙ።

«የመሣሪያ ብልሽት ነበር?» አሉኝ አቶ ወንድሙ።

አዎ ብል አዲሱ ዕቃ በኔ እጅ ተበላሸ ይባላል። «ዕቃው ደህና ነው፤ የዝምታውን ነገር ሳላውቅ ሮጬ የበጠበጥኳት እኔ ነኝ» ብል ደግሞ በእንግዶች ፊት ደንቆሮ መባል ነው፤ ሰኞም ግምገማ አለ። እንዲህ ሁሉ በረዥሙ ያሰብኩ አይምሰላችሁ። አፌ ቀደመኝ።

«ማይኩ ደህና ነው» አልኩ።

«ደህና ነበር?»

«ደህና ነበር።»

ጻፉት። «እንግዲያው ልጅቷ ግጥሙ ጠፍቶባት ነው» አሉ ለራሳቸው። ዝም አልኩ። አንዲት የውሸት ቃል ከአፌ አልወጣችም። ያን ያህል አድርጌ እውነት የተናገርኩበት ቀን ግን በሕይወቴ አላስታውስም፣ ያን ያህል የዋሸሁበትም። ከመድረኩ ላይ ጋሽ ተሰማ እያዩኝ ነበር። እሳቸው እንዳይናገሩ በውድድሩ ደንብ ተከልክለዋል። የጠበቁት እኔን ነበር።

ሽልማቱን ከሌላ ከተማ የመጣ ወጣት ወሰደ፤ ጎበዝ ነበር፣ አልቀናበትም። ከዚያ አንጋፋዎቹ ብቻቸውን ተጫወቱ። ጀምበሯ በመስኮቱ ገብታ የትራምፔቱን ጠርዝ ታበራ ነበር። የመጀመሪያውን ሁለተኛውን ተጫውተው ወደ ሦስተኛው ሲገቡ ዜማውን አወቅኩት፤ የማርታ ነበር። ያለ ግጥም፣ በትራምፔት። ጥሪው ጋ ደረሱ። ጠሩ። ሁሉም ቆሙ።

ጋሽ ተሰማ ቀጥ ብለው እኔን አዩ። ሁለቱንም እጆቼን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጭምቅ አደረግኳቸው። በዚያ ዝምታ ውስጥ ከቆርቆሮው ጠርዝ የሚንጠባጠበውን ውኃ ሰማሁ። አንድ ሰው ወንበሩ ላይ ሲላወስ ሰማሁ። ከበስተኋላ ካለው ደን አንድ ወፍ ጮኸ፤ ሙዚቀኞቹ የጠበቁት እሱን ይመስል ልክ ከሱ በኋላ ገቡ። ዝምታው ባዶ አልነበረም። ሥራዬን ከጀመርኩ ጀምሮ ስፈራው የኖርኩት ነገር ውስጡ ይህን ያህል ሞልቶ መኖሩን ሳውቅ በአንድ ጊዜ ተደነቅኩም አፈርኩም። እንባዬ መጣ። ሰው እንዳያየኝ ጎንበስ ብዬ ገመድ የማስተካክል መሰልኩ።

ሰው ከወጣ በኋላ ጋሽ ተሰማ መጥተው አብረውኝ ገመድ መጠቅለል ጀመሩ። አንዱን ዙር በላይ፣ ቀጣዩን በታች።

«ማይኩ ደህና ነው አልክ አሉ።»

«አዎ ጋሼ።»

«ልክ ነህ። ማይኩ ደህና ነው።»

የጠቀለሉትን ገመድ አስረው አቀበሉኝ። ቢቆጡኝ በወደድኩ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ አላስችል ቢለኝ በገበያ ቀን አውቶቡስ ተሳፍሬ ሺሺንዳ ሄድኩ። መናኸሪያው ላይ የትምህርት ቤቱን መንገድ ስጠይቅ አንዱ ነጋዴ፣ «ማርታ? ግጥም የጠፋባት?» አለኝ። በየመንገዱ የዚያች ልጅ ስም ይኼ ሆኖ ነበር። ኳየሩም አልመለሳትም፤ አዲስ አበባም አልሄደች። ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ የተማሪ ደብተር ስታርም አገኘኋት። ተነሥታ ወንበሯን ለቀቀችልኝ። ቆሜ፣ ያሰብኩትን ሁሉ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። ጥፋቱ የኔ እንደሆነ፣ ዳኛው ሲጠይቁኝ ለራሴ ፈርቼ ግማሹን ብቻ እንደተናገርኩ።

እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ በፈገግታ ሳይሆን፣ በቁጣም ሳይሆን፣ እንዲህ አለችኝ፦

«ጋሽ አድማሱ፣ አባቴ ማንኪራ ጫካ ውስጥ ቀፎ ይሰቅላል። ዛፍ ላይ ሆኖ ሰው ሲጠራ፣ አንዴ ይጠራና ዝም ይላል። ቶሎ ቶሎ የሚጣራ ሰው መልሱን በራሱ ድምፅ ይሸፍነዋል ይለናል። እዚያ ዘፈን ውስጥ ዝም ያልኩት እንደ እሱ ነው። መልስ እየጠበቅሁ ነበር።»

«ገብቶኛል። ዘግይቶ ቢሆንም ገብቶኛል። ይቅር በይኝ።»

«እኔ ይቅር ብያለሁ። ግን ይሄን ለኔ ነው የሚነግሩኝ? እኔማ አውቀዋለሁ እኮ! እንዳልረሳሁ አውቃለሁ። የማያውቁት እነሱ ናቸው። ለነሱ ይንገሯቸው።»

«እነግራለሁ» አልኳት።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የኔ ግን ነቀዘ። መጀመሪያ ግምገማው ይለፍ አልኩ። ከዚያ ኃላፊው ይቀየሩ አልኩ፤ ተቀየሩ። ከዚያ ደግሞ አሁን ማን ያስታውሰዋል፣ ነገር መቀስቀስ ነው አልኩ። ሺሺንዳ ለሥራ ስሄድ ግን ሰው ያስታውሰው ነበር። ጋሽ ተሰማ ታመው ሳለ ልጠይቃቸው እሄድ ነበርና አንድ ቀን ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ «ነገርካቸው?» አሉኝ። «ገና ነው ጋሼ» አልኩ። የሰው ሬዲዮ አስቀርቼ እንደምለው ዓይነት። እጃቸውን ከብርድ ልብሱ አውጥተው ጉልበቴን ቸብ ቸብ አደረጉኝ። በዚያው ወር ቀበርናቸው። በቀብራቸው ላይ ማይክ የተከልኩት እኔ ነኝ፤ እንደዚያ ቀን እጄ ከብዶኝ አያውቅም።

ጡረታዬ ሲቃረብ መምሪያው ሽኝት አዘጋጀልኝ። ያው አዳራሽ ነው፣ ያው ቆርቆሮ። ከመሥሪያ ቤቱ፣ ከከተማው፣ ከየወረዳው ሰው ተጠራ። እኔ ደግሞ በግሌ አንድ ስልክ ደወልኩ።

«ማርታ፣ ሽኝቴ ላይ ትመጫለሽ?»

«መጥቼ ምን ልሥራ? እንድዘፍን ነው?»

«አይደለም። እንድትሰሚ ነው።»

መጣች። ፀጉሯ ላይ ጥቂት ሽበት ጣል ጣል ብሏል፤ ሦስተኛው ረድፍ ጥግ ላይ ተቀመጠች። ጋቢ አለበሱኝ፣ የምስክር ወረቀት ሰጡኝ፣ ብዙ ምስጋና ተነበበ። ያችን ማይክ ያቀበልኩበትን ጉባኤ ሳይቀር አነሡ። ከዚያ አዲሱ ኃላፊ፣ «ጋሽ አድማሱ ዕድሜ ልካቸውን ለሰው ማይክ ሲሰጡ ኖረዋል፤ ዛሬ እኛ እንስጣቸው» ብለው አቀበሉኝ።

አንድ ስንዝር ላይ ያዝኩት። ሃያ አራት ዓመት ሌላው ሁሉ የቆመበት ቦታ ላይ መቆም እንደዚያ የሚያስፈራ አልመሰለኝም ነበር። ስለ ውድድሩ ጀመርኩ። ብዙዎቹ ያስታውሱታል፤ ፈገግ ያሉም ነበሩ። «ያን ቀን ማርታ ግጥም ጠፋባት ተብሏል» አልኩ። «አልጠፋባትም። ዝምታው የዘፈኑ ነበር። ልምምድ ላይ ስላልነበርኩ፣ የነገሩኝንም ስላልሰማሁ፣ ሮጬ ወጥቼ ያበላሸሁባት እኔ ነኝ። ዳኛው ሲጠይቁኝም ሥራዬን ፈርቼ ሸሸግኩ። ተሸንፋ የቀረችው በኔ ነው። ይህን ልነግራችሁ የገባሁትን ቃል እስከ ዛሬ አሳደርኩት።»

ከዚያ ምስጋናዬን ልቀጥል ነበር። ወረቀቱም በእጄ ነበር። ድምፅ ግን አልወጣልኝም። አዳራሹ ጸጥ አለ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ምት አለፈ። ፊተኛው ረድፍ ላይ ያሉት ከልማድ አንገታቸውን ወደ ሚክሰሩ አዞሩ። አዲሱ ኃላፊ ከወንበራቸው ብድግ ብለው ወደ ኋላ፣ «ማይኩን እዩት እንጂ! ማይኩን ቀይሩላቸው!» አሉ።

ማርታ ከሦስተኛው ረድፍ ተነሣች።

«ተዉአቸው» አለች። «ማይኩ ደህና ነው።»